ነጩ ሳህን ስንት ቋጠሮ ወረደ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ በሰው አገር ጠርሙስ ለምታጥቢው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። የአክስትሽ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ጠርሙስ ማጠቡን ትተሽ በላቦራቶሪው ሚዛን ላይ መቀመጥሽን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። ሹመት ያዳብር ብያለሁ፤ እኔ ግን የለመድኩትን ስምሽን አልቀይርም።

ለምን አትደውልም ትይኛለሽ። በስልክ ስናወራ ግማሹ "ሃሎ፣ ይሰማል?" ነው። ደግሞም ጠርሙስ በስልክ አይላክም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመስከረሙን ውሃ በሁለት ጠርሙስ ልኬአለሁ። እንዳስተማርሽኝ እኩለ ቀን ላይ ከሐይቁ መሐል፣ በጀልባዋ ጥላ በኩል ነው የቀዳሁት። ነጩንም ሳህን በገመዱ አውርጄ ከዓይኔ እስኪጠፋ ለቀቅሁት። ስምንት ቋጠሮ ወረደ። በየግማሽ ሜትሩ አንድ ቋጠሮ ስለሆነ አራት ሜትር መሆኑ ነው። አምና ድንጋይ መፍጫው ክሬሸር ሥራ ሳይጀምር ዘጠኝ ቋጠሮ ነበር፤ እንግዲህ ስምንት ክፉ አይደለም።

ሰዉ ግን ሐይቁ ነጣ እያለ ያማርራል። ክሬሸሩ ከላይ ድንጋዩን ፈጭቶ ያጥባል፣ ያጠበበትን ውሃ ወደ ሐይቁ ይለቃል። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው ባዶ ሲወጣ ቀና ብለው እሱን ያያሉ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ነገሩን በመጋቢት እሰማለሁ ብሏል። ከዚህ በፊት ሐይቁን የለካ ሰው ስለሌለ የእኔን ማስታወሻ ደብተር ወስደው ገልብጠውታል። በሃያ ብር የገዛሁት ደብተር እንዲህ ይከበራል ብዬ አላሰብኩም።

አንዲት ነገር ላስቸግርሽ። አንድ ወዳጄ የሩቅ ነገር እየደበዘዘበት ተቸግሯል። እዚያ ጠንከር ያለ መነፅር ካለ ላኪለት።

ጀልባዋ ደህና ናት። ባለፈው ሳምንት ብቻ ከማረፊያው እንጨት ጋር ትንሽ ተጫጫረች። እንጨቱን ግራጫ ቀብተው ከውሃው ጋር አንድ አድርገውታል፤ የቀቢው ጥፋት ነው።

መንገድሽን ሁሉ ያቅናልሽ።
አጎትሽ ካፒቴኑ

ትንሽ አይደለም የተጫጫረችው። አንድ ሳንቃ ተቀይሯል። አክስትሽ ነኝ።


ኅዳር 9 ቀን

ለውድ አጎቴ ለካፒቴኑ፤

ማዕበሉን ከፊትዎ፣ ሐሳብን ከልብዎ ያርቅልኝ። የእትዬን ጉልበት በእኔ ስም ይሳሙልኝ፤ ሬዲዮው ግን በቅናት እንዳይበላሽ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፣ ስለዚህ የእርስዎ ጠርሙሶች ሲደርሱ ወደ ሐይቁ መስኮት የተከፈተልኝ ያህል ደስ ይለኛል።

ውሃዎን ለካሁት። እንዴት እንደምለካው ጠይቀውኝ ነበርና ልንገርዎ። በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ወረቀት አጣርቼ፣ ወረቀቱ ላይ የቀረውን አድርቄ እመዝነዋለሁ። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከትቼ አቃጥለዋለሁ። ሕይወት የነበረው ሁሉ፣ አልጌም ይሁን የበሰበሰ ቅጠል፣ ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ድንጋይ ግን አይቃጠልም፣ ይቀራል። በእርስዎ ውሃ ውስጥ የቀረው ከሞላ ጎደል ሁሉም ድንጋይ ነው።

ምን ያህል ቢሉኝ፣ አምና በአንድ ሊትር አንድ ሚሊግራም ነበር፤ ዘንድሮ ሦስት ሆኗል። ሦስት ሚሊግራም ማለት ሁለት ሻካራ የአሸዋ ቅንጣት ማለት ነው። "ለሁለት አሸዋ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አሸዋው እንዳለ ቢሆን ኖሮ ከጀልባዎ ሳይርቅ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ግን ለመዝቀጥ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ነፋስ ካገኘው ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃው ሲገባ እያንዳንዷ ቅንጣት ትጋረጥበትና ወደ ጎንና ወደ ላይ ትበትነዋለች። ሐይቁ የሚነጣው ወደ ታች መውረድ የነበረበት ብርሃን ወደ እኛ ስለሚመለስ ነው። ታች ያለው ሣር ደግሞ ብርሃን ሲያጣ ይሞታል፤ የዓሣ ጫጩት የሚደበቀው እዚያ ሣር ውስጥ ነው።

አሁን ግራ የገባኝን ልናገር። ይህን ያህል ድንጋይ ባለበት ውሃ ሳህኑ አራት፣ ቢበዛ አምስት ቋጠሮ ላይ መጥፋት ነበረበት። እርስዎ የጻፉት ስምንት ነው። ሚዛኔን ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። አጎቴ፣ ሲለኩ የፀሐይ መነፅር ያደርጋሉ እንዴ? ገመዱስ ተበጥሶ ተቀጥሎ ይሆን?

የወዳጅዎ መነፅር ያለ ዓይን ምርመራ አይገዛም። ማን ነው እሱ ወዳጅዎ?

በጤና ያቆይዎት።
ጠርሙስ አጣቢዋ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፣ ብዙ ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፀሐይ መነፅር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም። ገመዱም አልተቀጠለም። በዚህ ሐይቅ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው አመላልሻለሁ፤ ሳህን ማውረድ የሚያቅተኝ አይመስለኝም። የኅዳሩም ስምንት ነው። ጠርሙሶቹን አሽጌ ልኬአለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቤ ነበር። ሳህኑ ትንሽ ነው። ትሪ የሚያህል ሳህን ቢኖርሽ መልካም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ የክሬሸሩ ሥራ አስኪያጅ ማረፊያው ድረስ መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ እያየ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠና "ካፒቴን፣ አንተ እውነተኛ ሰው ነህ፤ ደብተርህ አዳነን፤ ሐይቁ እንዳልተለወጠ በቁጥር አሳየህልን" አለኝ። ዓሣ አጥማጆቹ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ቤት ስገባ አክስትሽ "ምነው ፊትህ?" አለችኝ። "ነፋሱ ነው" አልኳት።

የመነፅሩን ነገር ተይው፤ ወዳጄ ተሽሎታል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይቅደም፣ ቁጣዎም ይብረድልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቱን አልረሳሁትም። እናቴ ስትሞት ጀልባዎ ላይ አስቀምጠው የሞተሩን እጀታ ያስያዙኝ እኔን ነው፤ የማለቅስበት ጊዜ እንዳይኖረኝ። ስለዚህ የምጽፈውን እንደ ንቀት እንዳያዩብኝ።

የኅዳሩ ውሃ ሦስት ተኩል ሚሊግራም ሆኗል። ውሃው እየነጣ ነው፣ የእርስዎ ቁጥር ግን ከስምንት ንቅንቅ አይልም። የእውነት ሐይቅ እንዲህ አይሆንም። የእውነት ሐይቅ አንድ ወር ሰባት፣ አንድ ወር ስድስት ተኩል ይሆናል፣ ነፋስ ሲነፍስ ይወርዳል። ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት የሚለው ሰው ብቻ ነው። ይህን ከዓመት በፊት ማየት ነበረብኝ። የእርስዎ እጅ ጽሕፈት ስለሆነ ብቻ ሳልጠይቅ መዘገብኩት፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ወዳጅዎ የዓይን ሕመሙ በራሱ ከተሻለው ለሐኪሞች ይንገሩልን፣ እኛም እንማር።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እትዬን ጀልባው ላይ ይዘው ይውጡና ሳህኑን እሷ ትየው። ከመጋቢቱ ስብሰባ በፊት ያድርጉት። በስምንት ቋጠሮ ከተፈረደ ክሬሸሩ እንደ ልቡ እያጠበ ይኖራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ልጅዎ


ጥር 20 ቀን

አጎቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? መልስዎ ሲዘገይ ፖስታ ቤቱን ወቀስኩ። ቀጥሎ ራሴን ወቀስኩ። አስከፍቼዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ቁጥር አይጻፉልኝ፣ ጠርሙስም ይቅር፤ ደህና ነኝ የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል።

ልጅዎ


የካቲት 3 ቀን

ለልጄ፤

አላስከፋሽኝም። ዝም ያልኩት የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የምጽፈውን ስለማውቅ ነው።

ወዳጄ እኔ ነኝ። መቼም ገብቶሻል።

ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አለፈው። እንፋሎት በያዘው መስኮት እንደማየት ነው። ማታ መብራት ሁሉ ቀለበት ይሠራብኛል። ክሬሸሩ በገባ በሦስተኛው ወር ሳህኑ ሰባት ላይ ጠፋብኝ። ውሃው ነው ወይስ ዓይኔ? አልኩ። በራሴ ዓይን ድካም ሰው መክሰስ ግፍ መስሎ ታየኝ። የክሬሸሩ ሠራተኞችም የሰው ልጆች ናቸው፣ ጧት ጧት በእኔ ጀልባ ነው የሚሻገሩት። ስለዚህ ለዓይኔ ብዬ አንድ ቋጠሮ ጨመርኩ። ቀጥሎ ሁለት። ዓይኔ እየባሰ ሲሄድ ጭማሪውም አብሮ አደገ። አሁን ሦስት አይቼ ስምንት እጽፋለሁ። ስጨምር ፍርድ የማጓድል አልመሰለኝም ነበር፤ እንዲያውም ከሰው ሁሉ የበለጠ ትክክለኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ለምን አልተናገርክም ትይኛለሽ። ሰው የሚያሻግር ሰው ዓይኑ ደከመ ከተባለ ፈቃዱን ይነጠቃል። ያለ ጀልባዋ እኔ ምንድን ነኝ? ካፒቴን የሚለኝ ሰው ምን ብሎ ይጠራኛል? ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በታኅሣሥ መጨረሻ ዘጠኝ ሰው ጭኜ ስመለስ ከፊቴ የነበረውን ዓሣ አጥማጅ አላየሁትም። ጮኾ ነው ያዳነን። ተሳፋሪዎቹ እሱን ሰደቡት፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እኔ ሞተሩን ከፍ አድርጌ አለፍኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሩ ተበላሽቷል ብዬ ጀልባዋን አስሬአታለሁ።

ደብዳቤሽን ለአክስትሽ አነበብኩላት። ጫማዋን አድርጋ "ተነስ" አለችኝ። በእሷ ዓይን እየተመራሁ ወጣንና ሳህኑን አወረድን። "አራት" አለች። ለእኔ ሦስት ነው። ደብተሩ ስምንት ይላል። ሦስታችንም አንድ ጀልባ ላይ ነበርን። ስንመለስ ብቻ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንተ ግን አታሳድረው" አለችኝ።

ስብሰባው መጋቢት 10 ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ የምመክርሽ።

አጎትሽ


የካቲት 17 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፤

ደብዳቤዎን ኮሪደር ላይ ቆሜ አንብቤ አለቀስኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰው የሞተብኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። የለም፣ የጠፋ ሰው ተገኝቶልኝ ነው አልኩት።

መጀመሪያ ስለ ዓይንዎ። የነገሩኝ ሁሉ የዓይን ሞራ ይመስላል፤ ሐኪም ይየው። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ የገባው ብርሃን ይበተናል፣ ልክ በሐይቁ ውስጥ እንደሚሆነው። ልዩነቱ የሐይቁን ድፍርስ ማንም በመሣሪያ አውጥቶ አይጨርሰውም፤ የእርስዎ ግን በግማሽ ሰዓት ይወጣል። ሞራ ከሆነ መነፅር ቢጠነክር፣ ሳህን ትሪ ቢያክል፣ አይረዳም።

ሁለተኛ፣ የዓመቱን ጠርሙሶች ሁሉ ውጤት በላቦራቶሪው ማኅተም ልኬልዎታለሁ። የተቃጠለው ስንት፣ የቀረው ድንጋይ ስንት፣ ሁሉም ወር በወር አለበት። ምናልባት ይህ ወረቀት ብቻውን ይበቃል። "ሳህኑን ስለካ ተሳስቻለሁ" ብለው ሰጥተዋቸው መቀመጥ ይችላሉ። ስለ ዓይንዎ የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ጀልባዋን እንዳሰሩ ይቆዩ፣ በጸጥታ ይታከሙ፣ ማንም ሳያውቅ ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ይህን ስጽፍ ልቤ ሙሉ አይደለም፤ ግን ካፒቴን ሆነው እንዲኖሩልኝ እፈልጋለሁ።

ምርጫው የእርስዎ ነው። የመረጡትን ቢመርጡ እኔ ያው ልጅዎ ነኝ።

ጠርሙስ አጣቢዋ


መጋቢት 14 ቀን

ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ወረቀትሽ ከስብሰባው ሦስት ቀን ቀድሞ ደረሰ። እንዳልሽው ልናገር ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። "ስለካ ተሳስቻለሁ" የሚለውን መንገድ ሙሉ ስለማመደው ሄድኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት በኩል ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ተነሳና ደብተሬን ማንበብ ጀመረ። "ጥቅምት ስምንት፣ ኅዳር ስምንት፣ ታኅሣሥ ስምንት።" እያንዳንዱን ስምንት ሲጠራ እኔ ስንት እንዳየሁ ትዝ ይለኛል። ሲጨርስ ተነሳሁ። የተለማመድኩት ነገር ከአፌ አልወጣ አለ። "በዚህ ደብተር ውስጥ የሌለ ቋጠሮ አለ፣ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል" አልኩ። ዓሣ አጥማጁንም ነገርኳቸው። ከኋላ በኩል ሆኖ "ያን ቀን ስጮህ እብድ መስዬህ ነበር?" አለኝ፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሥራ አስኪያጁ "ታዲያ የማያይ ሰው ምን ምስክር ይሆናል?" አለ። እውነቱን ነው። ሰብሳቢዋ ግን መነፅሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "እሱ ባያይ እርስዎ ያያሉ አይደል? እንሂዳ" አለችው።

በጽሕፈት ቤቱ ጀልባ ወጣን። እኔ ተሳፋሪ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ገመዱን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ያዘ። አንገቱን እስኪያመው አጎንብሶ አየና "አራት… ተኩል" አለ። ሰብሳቢዋ አራት አለች። አክስትሽም አራት። ስለ ተኩሏ ማንም አልተከራከረውም። ተመልሰን ወረቀትሽን ሰብሳቢዋ ለሕዝቡ አነበበች። ሐይቁን ያነጣው አልጌ ነው እያለ ሲከራከር የነበረ አንድ የክሬሸሩ ሰው ድንጋይ እንደማይቃጠል ሲሰማ ቁጭ አለ።

ተወሰነ። ክሬሸሩ ያጠበበት ውሃ የሚያርፍባቸው ሁለት ኩሬዎች እስኪቆፍር ድረስ አንድ ባልዲ ወደ ሐይቁ አይለቅም። ድንጋዩ እዚያ ይዘቅጣል፣ የጠራው ብቻ ይወርዳል። ሠራተኞቹም ሥራቸውን አያጡም፣ የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ሰብሳቢዋ ፈቃዴን ሐኪም እስኪያየኝ ድረስ አስረክብ አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። የተቀበለችኝ በሁለት እጇ ነበር።

አልዋሽሽም፣ ከፍቶኛል። ግን በሩን ዘግቼ ሳልነቃ አደርኩ፤ ከዓመት በላይ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

አጎትሽ

አሁን ደግሞ እኔ ልጻፍ። ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስይዤለታለሁ። አልሄድም ቢል እንደ ጀልባዋ ጎትቼ እወስደዋለሁ። አክስትሽ


መጋቢት 30 ቀን

ለአጎቴና ለእትዬ፤

ደስታዬን በወረቀት ማስፈር አልቻልኩም፣ ስለዚህ ሥራዬን ልናገር። ኩሬዎቹ ሲያልቁ ሐይቁ በማግሥቱ እንዲጠራ አይጠብቁ። ሻካራው ቶሎ ይወርዳል፤ በጣም የላመው ግን ወራት ይወስድበታል፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥርም ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ይህን ይንገሩልኝ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ካለ የእውነት ሐይቅ ነው ማለት ነው።

አጎቴ፣ ደፋር ሰው ነዎት። እኔ የጓሮውን በር ከፍቼልዎት ነበር፤ በዋናው በር በመውጣትዎ ኮራሁ፣ ትንሽም አፈርኩ።

ልጅዎ


ሰኔ 25 ቀን

ለልጄ፣ ለባለሚዛኗ፤

ዛሬ ስምሽን ቀይሬልሻለሁ፣ ይገባሻል። ጤና ይብዛልሽ። አንዱ ዓይኔ ታከመ፣ ሁለተኛው ለመስከረም ተቀጥሯል። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት አክስትሽን ነው። "ለካ እርጅና በእኔ ላይ ብቻ አልመጣም" ብላት ሐኪሙን "ሞራውን መልስበት" አለችው።

አንድ ነገር ደብቀንሽ ነበር። ጀልባዋ ታስራ ከምትበሰብስ ብላ አክስትሽ ተፈትና ፈቃድ አወጣች። ሦስት ወር ሙሉ ስታመላልስ አንድም እንጨት አልነካችም፣ ይህንንም በየቀኑ ታስታውሰኛለች። የእኔ ፈቃድ ባለፈው ሳምንት ተመለሰልኝ። ተሳፋሪው ግን "ካፒቴኗስ?" እያለ ይጠይቃል። በፈረቃ ለመሥራት ተስማምተናል፤ ማለዳው የእሷ ነው፣ ሠራተኞቹን እሷ ታሻግራለች።

ሁለቱም ኩሬዎች ተቆፍረው ሥራ ከጀመሩ ስድስት ሳምንት ሆናቸው። ሄጄ አየኋቸው። የመጀመሪያው እንደ ሊጥ ወፍሯል፣ ከሁለተኛው የሚወርደው ግን እጅ ይታጠብበታል። ሥራ አስኪያጁ ከሩቅ ሰላም አለኝ፣ እጄን ግን አልጨበጠም።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ሐይቁ መሐል ወጣን። ልንገርሽ፣ በአዲሱ ዓይኔ ሳየው ደነገጥኩ። እኔ በማላይበት ጊዜ ምን ያህል ነጥቶ ኖሯል! በየወሩ እላዩ ላይ ተቀምጬ ደህና ነው እያልኩ እጽፍ ነበር። አክስትሽ ሞተሩን አጠፋች። በጥላው በኩል አጎንብሼ ሳህኑን ለቀቅሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አለፈ፣ አሁንም ይታያል። አምስት ላይ ጠፋ። መልሼ ሳብኩት፣ ያው አምስት ላይ ብቅ አለ። አክስትሽ እንድታይ ጠየቅኳት፣ "ዓይን አለህ አይደል?" ብላ እምቢ አለችኝ።

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እርሳሱን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ። እጄ መጨመር ለምዶ ነበር።

አምስት ብዬ ጻፍኩ።

አጎትሽ